ሹም መሻርና ሹመትን ማስከበር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ኖሯል። ይህ አባባል ሹመትን እንደ ግል ርስት፣ መሻርንም እንደ ክፉ ዕድል ብቻ ማየትን ስላስለመደን፣ ሹም ለምን እንደሚሻር ማሰብ ይገባናል።

በ1993 ዓ.ም. በኢሕአዴግ መሪዎች መካከል ክፍፍል በተነሣ ጊዜ ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ አባተ ኪሾም ከተሸነፈው ወገን ጋር ቆመው ነበርና ከሥልጣን ወረዱ፤ በሙስናም ተከሰው ታሰሩ። በ1994 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በቦታቸው ተተኩ።

የክሱን እውነትነት መመርመር የዳኞች ሥራ ስለ ሆነ እኛ አንገባበትም። የምንጠይቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። የፓርቲ ጠብ ቀድሞ ክስ ሲከተል፣ ሕዝቡ «ሰውዬው የወረደው በጥፋቱ ነው ወይስ በመሸነፉ?» ማለቱ አይቀርም። ይህም ጥርጣሬ ጥፋተኛውን የተበደለ ያስመስለዋል፤ ንጹሑንም መከላከያ ያሳጣዋል።

በዚያው ዓመት ርእሰ ብሔሩ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም ከድርጅታቸው ተለያይተው ነበር። ነገር ግን የስድስት ዓመት ዘመናቸውን ፈጽመው በመስከረም 1994 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አስረከቡ። ከፓርቲ መጣላትና ከሹመት መውረድ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን ለማውረድ ሥራውን ከፋፍለውታል። የተወካዮች ምክር ቤት ይከሳል፤ ሴኔቱ ይፈርዳል፤ ለማውረድም ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። ፍርዱም ከሥልጣን ከማውረድና ዳግመኛ እንዳይሾም ከመከልከል አያልፍም፤ እስራትና መቀጫ የፍርድ ቤት ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ክሱ ሳይጸድቅባቸው ሥልጣን የለቀቁት የገዛ ፓርቲያቸው መሪዎች ድጋፍ እንደሌላቸው ከነገሯቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሴኔቱ ፊት ተከሰው ድምፁ ስላልሞላ በቦታቸው ቆዩ። ነውር ሁሉ ሹም አያስወርድም፤ የሚመዘነው በሕዝብ አደራ ላይ የደረሰው ጉዳት ነው።

እንግዲህ የመሻር ዓላማ ሹመቱን ከሹሙ ጥፋት ማዳን እንጂ በቀል መወጣት አይደለም። ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ በአዳራሿ ነገም ሹም ይሾማል፣ ይሻራል። በሚሻርበት ቀን ክሱ በግልጽ ይነበብ፤ ተከሳሹ ይደመጥ፤ ድምፁም በሕዝብ ፊት ይቆጠር። ያን ጊዜ ሰው ቢወርድም ወንበሩ እንደ ተከበረ ይኖራል።