ደብዳቤያችን «በእገሌ በኩል» ሲመጣ



ዓርብ ጠዋት ሐደራ ገበያ የሄደ ሰው ዘመድ ወዳጁን ሳያገኝ አይመለስም። ከጊቫት ኦልጋ በአውቶቡስ የመጣውም፣ ከቅርብ ሰፈር በእግሩ የደረሰውም ለሰንበት የሚሆነውን ሽንኩርትና ዶሮ ሲገዛ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም ቢሮ ውስጥ የማይነገረንን የምንሰማው እዚያ ነው። ቀጠሮ ይዞ ቢሮ የሚመጣ ሰው ትልቁን ጉዳይ ያነሣል፤ ገበያ ላይ ግን ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ ትንሽ የሚመስለውን ይነግረናል። ሰሞኑን ደጋግመን የሰማነው ደግሞ ይህ ነው፦ «ደብዳቤው በኢሜይል ተልኮልሃል ይሉኛል፤ እኔ ግን ምንም አልደረሰኝም።» ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢሜይል ሣጥን እንጽፋለን።

በአገራችን በኢትዮጵያ ፖስታ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ያለ ቢሆንም ደብዳቤ በር ድረስ እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። የራሱ ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሌላው በትምህርት ቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በሚያውቀው ባለሱቅ ሣጥን ይጻፍለትና በፖስታው ጀርባ «በአቶ እገሌ በኩል ይድረስ» ይባል ነበር። ባለሣጥኑ ደግ ሰው ከሆነ ደብዳቤው በዕለቱ ይደርሳል፤ ከረሳው በኪሱ ያድራል፤ ከተቀያየማችሁ ደግሞ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። እንግዲህ አዲስ ከገቡት ቤተሰቦቻችን የብዙዎቹ ኢሜይል «በእገሌ በኩል» የሚባል ዓይነት ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው በችኮላ ነው። ሰው ከመርካዝ ክሊታው ሳይወጣ ባንኩ፣ ኩፓት ሖሊሙ፣ ቢቱዋሕ ለኡሚው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉም «ኢሜይልህ ማነው?» ይለዋል። ያን ጊዜ ፔሌፎን የሸጠለት ሰው እዚያው ቆሞ ይከፍትለታል፤ ሲስማውን (የይለፍ ቃሉን) ራሱ መርጦ በካርቶኑ ላይ ይጽፍለታል፤ ካርቶኑ በማግስቱ ይጣላል። ወይም ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ይከፍተውና በራሱ ስልክ ቁጥር ያስመዘግበዋል። ሣጥኑ በአባት ስም ነው፤ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ኢሜይል ስልካችን ውስጥ የሚቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደብዳቤው የሚቀመጠው ግን ሰርቨር በሚባል፣ ሌሊትና ቀን በማይጠፋ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስልካችን በመስኮት የምናይበት ዕቃ ብቻ ነው። ሰርቨሩ አስተዳዳሪ አለው። አስተዳዳሪው ለያንዳንዱ ባለሣጥን ቦታ ይመድባል፤ ይህም ኮታ ይባላል። ኮታ የሌለው ሰርቨር በገበያው እንዳለ ወሰን የሌለው ባስታ ነው፤ አንዱ ነጋዴ ሣጥኑን እየደረደረ መተላለፊያውን ሲዘጋው ሌላው መቆሚያ ያጣል። ጂሜይል በአፕሪል 2004 ሲጀመር ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ሰጥቶ ዓለምን አስደንቆ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሆትሜይል 2፣ ያሁ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚሰጡት። ዛሬ ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቦታ የደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ የጉግል ፎቶና የጉግል ድራይቭ ፋይልም ከዚሁ ይቀነሳል። ከጁን 1 ቀን 2021 ወዲህ ወደ ጉግል ፎቶ የሚገባ ሥዕል ሁሉ ይቆጠራል።

እስቲ እናስላው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋባይት ወደ 5,000 ፎቶ ይይዛል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ ወደ 100 ሜጋባይት ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ሣጥኑን ጢም ያደርገዋል። አንድ ሠርግ ማለት ነው! የኛ ሠርግ ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደማያልቅ ይታወቃል።

ሌላም አለ። ኢሜይል ሲፈጠር የታሰበው ለጽሑፍ፣ ያውም ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ኢሜይል የሚጽፉ ወገኖቻችን አማርኛውን በላቲን ፊደል እየገለበጡ ይልኩ ነበር። ፎቶም ዛሬ ድረስ በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደልነት ተለውጦ ስለሚጓዝ ክብደቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 3 ሜጋባይት የነበረው ሲጓዝ 4 ይሆናል። ለዚህ ነው የቴኡዳት ዜሁትን ባለአራት ገጽ ፎቶ ለመላክ ስትሞክሩ አንዳንድ ጊዜ «ከባድ ነው» ተብሎ የሚመለስባችሁ።

ሣጥኑ ሲሞላ ምን ይሆናል? ይህን በደንብ አንብቡልን። የላኪው ሰርቨር የእናንተን ሰርቨር ያንኳኳል፤ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ ደብዳቤውን ይዞ ቆይቶ እየደጋገመ ይሞክራል፤ የተለመደው ደንብ እስከ አራትና አምስት ቀን እንዲሞክር ይመክራል። ከዚያ በኋላ «አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ ለላኪው ይመለሳል። ላኪው ሰው ከሆነ አንብቦ ይደውልላችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ከመሥሪያ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ የሚልከው ማሽን ነው፤ የሚመለሰውንም ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ላይኖር ይችላል። ጸሐፊዋ መዝገቧን ከፍታ «ተልኳል» ስትላችሁ አልዋሸችም፤ እናንተም «አልደረሰኝም» ስትሉ አልዋሻችሁም። በመካከል ቀኑ ያልፋል። ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩ ወላጆቻቸውንና እኅቶቻቸውን የሚጠብቁ ቤተሰቦች አንዲት ወረቀት በጊዜ ባለማምጣታቸው ምን ያህል እንደሚጨነቁ ስለምናውቅ ነው ይህን ያህል የምንተርከው።

ስለ አቀማመጡም ጥቂት እንበል። ሰርቨሮች ደብዳቤን በሁለት ዓይነት ሲያኖሩ ኖረዋል። የጥንቱ አሠራር፣ «ኤምቦክስ» የሚባለው፣ ያንድን ሰው ደብዳቤ ሁሉ አንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ያከታትላል፤ ሽንኩርቱንም ድንቹንም ምስሩንም አንድ ጆንያ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ከመሃል አንዱን ለማውጣት ጆንያው ይዘረገፋል፤ ፋይሉ ከተበላሸ ብዙ ይበላሻል። በ1990ዎቹ የመጣው «ሜልዲር» ግን ለያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱን ፋይል ይሰጣል፤ ሦስት ክፍልም አለው፦ ገና በመግባት ላይ ላለው፣ ለአዲሱና ለታየው። እንደ ጉግል ያሉት ግዙፎች ደግሞ የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ለእኛ የሚጠቅመን ይህን ማወቁ ነው፦ በጂሜይል «አርኺዮን» የምትለውን ስትነኩ ደብዳቤው ከዓይናችሁ ይርቃል እንጂ ቦታ አይለቅም። ብትሰርዙትም «አሽፓ» ወደሚባለው ቆሻሻ ቅርጫት ይገባና እስከ 30 ቀን ተቀምጦ ቦታ ይይዛል። ቅርጫቱን ራሳችሁ ካልደፋችሁት ሣጥኑ ወዲያው አይቀልም።

ለማጽዳት «ኢኽሱን» (ማከማቻ) የሚለውን ቃል በጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉ፤ ትልልቆቹን ዕቃዎች ለይቶ ያሳያችኋል። ከቪዲዮ ጀምሩ፤ ከማስታወቂያ ደብዳቤ አትጀምሩ፤ መቶ ማስታወቂያ ቢሰረዝ አንዲት ቪዲዮ አያህልም። የአያትን ፎቶ ግን ከመሰረዛችሁ በፊት ኮምፒዩተር ላይ ወይም በተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ደግሞም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የጉግል አካውንት፣ ከዲሴምበር 2023 ወዲህ፣ ከነደብዳቤውና ከነፎቶው ሊሰረዝ ይችላል። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት አሮጌ ኢሜይል ካለ ገብታችሁ እዩት።

ሣጥን መሙላቱን የሚያውቁ ሌቦችም አሉ። «ሣጥንህ ሞልቷል፤ ሺድሩግ ለማድረግ እዚህ ንካ» የሚል መልእክት በዕብራይስጥ ይልኩና ሲስማችሁን ወይም የባንክ ካርዳችሁን ቁጥር እንድትጽፉ ይጠይቃሉ። ሺድሩግ ማለት ማሻሻል ማለት ነው። እውነተኛው የሰርቨር ማሻሻል የአስተዳዳሪው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት፣ መጀመሪያ ቅጂ ተይዞ ይሠራል፤ የእናንተን ሲስማ አይጠይቅም። ማሻሻል ቀላል ነገር ነው ማለታችን አይደለም። በማርች 2021 ማይክሮሶፍት «ኤክስቼንጅ» በሚባለው የኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ቀዳዳ መገኘቱን ገልጾ ማስተካከያ ሲያወጣ፣ ማስተካከያው ሳይጫንባቸው በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተጠቅተዋል። ስለዚህ የስልካችሁን ማሻሻያ ከስልኩ ማስተካከያ ገጽ ገብታችሁ ጫኑ፤ በመልእክት ከመጣ ማስፈንጠሪያ ግን በፍጹም አትጫኑ።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። አንዲት እናት ገበያ ላይ አግኝተውን «ልጆቼ፣ ወረቀቱ የት እንደ ቀረ ንገሩኝ እስቲ» አሉን።

«እማማ፣ ሲስማው ማን ዘንድ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ ዘንድ ነዋ።»

«እሱስ የት አለ?»

«ሠራዊት ገብቷል። ስልኩን የሚከፍተው ማታ ማታ ነው፤ ያውም ከፈቀዱለት።»

ልጁ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን የቤቱ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ወታደር እስኪያርፍ ይጠብቃል። ከዚህ የከፋም አለ። ትምህርት ቤት ስለ ልጁ መቅረት የጻፈውን ደብዳቤ መጀመሪያ የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው፤ የሚተረጉመውም እሱ ነው፤ የሚሰርዘውም እሱ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን የምርመራ ውጤት ከእናቷ ቀድማ ታነባለች፤ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች። ይህ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። ልጆች ዕብራይስጥ ቶሎ ስለ ለመዱ የቤቱ አስተዳዳሪ ሆነው ይቀራሉ፤ ወላጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። እኛ የምንለው ልጁ ይርዳ፤ ቁልፉ ግን ወላጅ ዘንድ ይሁን ነው። የትምህርት ቤትና የሕክምና ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ የሚያነብላችሁን ሰው ከአዋቂ ዘመድ ወይም ከጎረቤት ፈልጉ። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ደብዳቤው በወረቀት እንዲላክላቸው መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ፤ አይፈሩ።

በአካውንቱ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። ሲስማ ሲጠፋ «ኮድ ኢሙት» የሚባለው የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚያ ስልክ ነው። አዲስ የገባ ሰው የርካሽ ጥቅል እየፈለገ ሲም ይቀያይራል፤ የተወው ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሣጥናችሁ መክፈቻ ለማታውቁት ሰው ይላካል። ቁጥሩን መለወጥ ሲስማው ሳይጠፋ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከጠፋ በኋላ ግን የሳምንታት ጣጣ ነው። አሮጌ ስልክ ከመሸጣችሁም በፊት ከአካውንቱ ውጡና ስልኩን ባዶ አድርጉት። ሳታደርጉት ሸጣችሁት ከሆነ በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር አካውንቱን ከፍታችሁ፣ የገባችሁባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አይታችሁ፣ የተሸጠውን ማስወጣት ትችላላችሁ። ደብዳቤው ያለው በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ስልኩ በመሄዱ አይጠፋም።

በዚህ ጉዳይ ልንረዳችሁ ስትመጡ ስልኩን፣ ቻርጀሩንና፣ ሣጥኑን የከፈተላችሁ ሰው ዘመድ ከሆነ፣ እሱንም ይዛችሁ ኑ፤ ኮዱ ወደ እሱ ስልክ ሊላክ ይችላልና። ሲስማውን ስትጽፉ ዘወር ብለን እንቆማለን፤ ለእኛም ቢሆን አትንገሩን።