እድሩ ከቀብር በፊትም ይድረስ

በልደታ ክፍለ ከተማ ያላችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና አባላት፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ እንድታስይዙ እለምናችኋለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡም ይደርሳል። ሟቹ ግን ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ሲያቃስት ከርሞ ይሆናል። ያኔ የት ነበርን?

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው እዚሁ ልደታ ነው። የካንሰር ሕመምተኞች ከመላ አገሪቱ ይመጡበታል። በሽታው የማይድን ሆኖ ወደ ቤቱ ለተመለሰ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውረድ ላቃተው ሰው ግን ቅርቡም ሆስፒታል ሩቅ ነው። ቤቱ ድረስ ልትመጣለት የምትችለው ነርስ ናት። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ነርሶችን ወደ ሕመምተኞች ቤት በመላክ መንገዱን አሳይቷል።

ነርሷ ገብታ ተረከዙንና ዳሌውን ታያለች፤ ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ ለልጁ ታሳያታለች። ብዙ ጊዜ የሞርፊን ሽሮፑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለች። ቤተሰቡ «ሱስ ያስይዘዋል» ብሎ ፈርቶ፣ ሲጮህ ብቻ ይሰጠዋል። ቁጭ ብላ ታስረዳለች፦ ሐኪሙ በየ4 ሰዓቱ ያዘዘው ሕመሙ ሳይነሳ እንዲይዘው ነው፤ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። በዚያ ሌሊት አባትም ልጅም ይተኛሉ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ሕክምና የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ የሕመም ማስታገሻ (ፓሊየቲቭ) እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እድሮቻችን ደግሞ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደሉም፤ ኤች አይ ቪ ቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ሕመምተኛ በየቤቱ አስታምመዋል።

ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችሁን አሻሽሉ። ከወር መዋጮው ጥቂቱ ለነርስ ትራንስፖርት፣ ለጓንትና ለፋሻ ይመደብ። ከድንኳኑ ጎን ለሕመምተኛ የሚውል ፍራሽም ግዙ። ጸሐፊው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያነጋግር። ጡረታ የወጣችሁ ነርሶች፣ ለአስታማሚዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡ። ሌሎቻችንም ተራ ገብተን አስታማሚዋን እናሳርፋት። ማንም ግን ሕመምተኛው ሳይፈቅድ በሩን አይለፍ፤ የበሽታውም ስም ከቤቱ አይውጣ።