ዘጠኝ ዓመት በዜሮ ሲሸነፍ

ዱርቤቴ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። የሥራ መደቡ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ተፈላጊ ችሎታ ዲፕሎማ ወይም ደረጃ 4 ሆኖ ሲኦሲ ያለው፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት።

ለምዝገባ ከፊቴ የተሰለፈችውን ሴት አውቃታለሁ። 10ኛ ክፍል ጨርሳ አንድ መጋዘን ተቀጠረች፤ ሥራውን የለመደችው እዚያው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በሯን አያልፍም፤ ሞዴል 22 ካልተፈረመ ደግሞ ኃላፊው ራሱ ቢቆጣ ዕቃ አታወጣም። ክረምት ሲገባ ዩሪያው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ርብራብ ላይ እንዲደረደር ቀድማ የምታዘው እሷ ነበረች። ከዚያ እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ። ሥራዋን ለቃ አራት ዓመት አስታመመቻቸው። ቀብራ፣ ተዝካራቸውን አውጥታ ነው ሥራ ፍለጋ የወጣችው።

መዝጋቢው ትሑት ልጅ ነው። ወረቀቶቿን አገላብጦ፣

«እቴ፣ ዲፕሎማው የታለ?» አላት።

«የለኝም። የሥራ ልምዴ ግን ያውልህ።»

«እሱንማ አየሁት። ዲፕሎማ ከሌለ አልመዘግብም። ደግሞ አራት ዓመት ክፍተት አለው።»

ወረቀቷን ፌስታሏ ውስጥ መልሳ ወጣች። ማስታወቂያው የጠየቀው ልምድ ዜሮ ነው፤ እሷ ያላት ዘጠኝ። ተሸነፈች።

ልጁን አልወቅስም። በመንግሥት ቤት የትምህርት ደረጃው ከላይ በሥራ ምዘና ተወስኖ ይመጣል፤ መዝጋቢ ሊቀይረው አይችልም። የሚገርመኝ ማንም ያላስገደደው የግል ቀጣሪ ያንኑ ቅጽ እንዳለ መገልበጡ ነው። ለእህል መጋዘን፣ ለሆቴል ዕቃ ግዢ፣ አንዳንዴም ለዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ዲፕሎማ ይጠየቃል። ባለቤቱን ለምን ብትሉት መልስ የለውም። ማስታወቂያ ሲባል እንደዚያ ተጽፎ ስላየ ነው።

ለወረቀት የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ላልፈው አልችልም። «ወረቀቱን ካነሳችሁት ቅጥሩ በዘመድ ይሆናል» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ዘመድ የሌለው ሰው የሚተማመንበት ዲፕሎማውን ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ዘመድን አላስቀረም። ከዚያም አልፎ የራሱን ገበያ ፈጠረ፦ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ። መንግሥት ራሱ የሠራተኞቹን ማስረጃ እያጣራ ሐሰተኛ ሲያገኝ ከርሟል። ሚዛን ፊት አቁሞ «መዝነህ መዝግብ» የሚል ፈተና፣ ሌሎቹ አመልካቾች እያዩ ከተሰጠ፣ ለማጭበርበር ከማኅተም ይከብዳል።

ይህን ደግሞ ጎጃም ከማንም በፊት ያውቀዋል። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ሌላ ደብር ሄዶ «ተምሬያለሁ» ቢል ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም፤ ቅኔውን ዝረፍ ይባላል። ሊቃውንቱ ፊት ይዘርፋል፤ ከሳተ እዚያው ይታረማል። መንገድ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ለአዝመራ አገሩ ተመልሶ እንደነበር ማን ይጠይቀዋል?

ከዱርቤቴ አልፎ ባለችው ዳንግላ በወጣትነታቸው የጉምሩክ ጸሐፊ የነበሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ትዝ ይሉኛል። በጣሊያን ወረራ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገር ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ሲመለሱ ክፍተቱን የቆጠረባቸው የለም። ዲፕሎማት ሆኑ፤ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር። (ዘመኑ የተማረ ሰው የጠፋበት ነበር ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ዛሬም ንብረት በአግባቡ የሚይዝ ሰው የተትረፈረፈ አይመስለኝም።)

ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤውም አንድ ነገር ልበል። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ብዙ ቦታ «የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ» ይባላል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብሩን ከደመወዝ ቀንሶ የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። እሱ ሳያስገባ ቢቀር የሠራተኛዋ ዓመታት እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ያጠፋው ሌላ፣ የሚቀጣው ሌላ።

መውጫው አዲስ ሕግ እንኳ አይፈልግም። የ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ክፍል ሳይገባ እንዲመዘን በር ከፍቷል። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሲታሰብ ለእንደዚህ ያለችው ሴት ጭምር ነበር። አሁን ግን ማስታወቂያው ዲፕሎማውንም ሲኦሲውንም ደርቦ ስለሚጠይቅ፣ ለወረቀት አልባው የተሠራው በር ባለ ወረቀቱ የሚሻገረው ሁለተኛ ኬላ ሆኗል። ወረቀት የሚጎድለውም ብዙ ነው፦ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ በክልላችን በአማራ ጦርነቱ ከትምህርት ቤት ያስቀራቸውን ልጆች ጨምሩ። ነገ ማስታወቂያው ፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

የክልሉ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ቀጣሪዎች፣ የዱርቤቴ ባለ መጋዘኖች፦ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ ከዲፕሎማው ቀጥሎ «ወይም ሙያውን በተግባር ፈተና ያስመሰከረ/ች» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። አራት ዓመት የት ነበርሽ የሚለውንም ተዉት፤ እናቷን እያስታመመች ነበር።