"አይስማማኝም" ያለን ሰው እንመነው

በዚህ ግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ጥናት ሰዓት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ብዙ ተጽፏል። ስለ መጠጥም ቢሆን "ወጣቱ ከመጠጥ ይራቅ" የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይለጠፋል፤ ይነበባል፤ ይታለፋል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ስለሚጠጣው ሰው ሳይሆን መጠጣት ስለማይችለው ሰው ነው።

አይችልም ስንል አይፈልግም ማለታችን አይደለም። ሰውነቱ አይቀበልም ማለታችን ነው። ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ቀምሶ ፊቱ የሚግል፣ ልቡ የሚደልቅ፣ አፍንጫው የሚታፈን፣ ቆዳው በሽፍታ የሚወረር፣ ሆዱ የሚገለባበጥ ሰው አለ። በየመኝታ ክፍሉ ጠይቁ፣ አንድ ሁለት አይጠፋም። ታዲያ እንዲህ ያለው ልጅ በጓደኞቹ መካከል የሚያተርፈው ስም "ፈሪ"፣ "ኩራተኛ"፣ "ሴታሴት" የሚል ነው። ሴት እጩ መምህርት እምቢ ስትል ማንም አይደነቅም፤ ወንዱ እምቢ ሲል ግን ችሎት ይቆምለታል። "ሁለት ቀን ጠጣና ይለቅሃል" ይሉታል ደግሞ። ሐኪም ያደረጋቸው ማን እንደሆነ እንጃ!

ነገሩ በሳይንስ ክፍል ከተማርነው ብዙም አይርቅም። አልኮል ወደ ደም ሲገባ ጉበት በሁለት እርምጃ ይፈጨዋል። መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። ቀጥሎ ሌላ ኢንዛይም ይህንኑ መርዝ አቼቶ ውስጥ ወዳለው ዓይነት አሲድ ይለውጠውና ነገሩ ይበርዳል። ሁለተኛው ኢንዛይም በዘር ደካማ የሆነበት ሰው ግን መርዙ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል። ማጋሉም ማቅለሽለሹም የልብ ምት መፍጠኑም ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ በብዛት የሚታወቀው በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ሕዝቦች ዘንድ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከ500 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። በአፍሪካ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በእኛ አገር "መጠጥ አልስማማ አለኝ" ለሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

ሌላው ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እንስራው ውስጥ ነው። ጠላ ገብስ ወይም ስንዴ ወይም በቆሎ፣ ብቅልና ጌሾ አለበት። ቢራም የገብስ ብቅል ነው። ጠጅ ማርና ጌሾ ነው። አለርጂ የሚባለው ሰውነት ምንም የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት ነው፤ የአንዱ ሰውነት በገብሱ፣ የሌላው በስንዴው ወይም በእርሾው ላይ ሊዘምት ይችላል። ለራሱ ለአልኮሉ አለርጂ የሆነ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በተጨማሪም የፈላና የቆየ መጠጥ ውስጥ ሂስታሚን ይገኛል፤ ይህም አፍንጫ ያፍናል፣ ራስ ያዞራል። ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይት አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። እንግዲህ "ትንሽ ብቻ ቅመስ" የሚለው ልመና እዚህ ላይ አይሠራም። ለአለርጂ ትንሽም ብዙ ነው።

እዚህ አረካ ላይ ይህን ስናነሳ "ቦርዴ'ኮ መጠጥ አይደለም፣ ምግብ ነው" የሚሉን አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቦርዴ ወፍራም ነው፣ ያጠግባል፣ አራስ ጡቷ ወተት እንዲሞላ ይሰጣታል፣ ቢበዛ አንድ ቀን ቢውል እንጂ አይቆይም። አልኮሉም ከአረቄ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አረቄ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ አለው። ነገር ግን ቦርዴም የሚሠራው ከበቆሎ፣ ከስንዴና ከገብስ ብቅል ነው፤ እሱም የፈላ ነው። ምግብ ነው ማለት ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። ለውዝም'ኮ ምግብ ነው።

ሌላም የማይታሰብ ምክንያት አለ፤ መድኃኒት። ለአሜባና ለጃርዲያ ፍላጂል ወይም ቲኒዳዞል ያልወሰደ ከመካከላችን ማን ነው? እነዚህን እየወሰዱ መጠጣት ማስመለስና የልብ መደለቅ ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ፍላጂልን በተመለከተ ይህ እንደሚባለው ብዙ ጊዜ አይደርስም ብለው ተከራክረዋል፤ ቢሆንም ወረቀቱ ፍላጂል ካለቀ በኋላ 2 ቀን፣ ቲኒዳዞል ካለቀ በኋላ 3 ቀን ታገሱ ይላል፤ መታገሱ ደግሞ ማንንም አልጎዳም። የዚህ ዓይነቱ ነገር ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዬንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉ ዴንማርካውያን ዳይሰልፊራም የሚባለውን ነገር ለሆድ ትል መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ሲመረምሩ ራሳቸው ዋጡት። ከዚያ መጠጥ ሲቀምሱ ታመሙ። መድኃኒቱ ያንን ሁለተኛውን ኢንዛይም ይዞ ያስቆም ነበርና! በ1948 ይፋ ካደረጉት ወዲህ መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይወስዱታል። ሰው ከመጠጥ እንዲሸሽ ሆን ተብሎ የሚሰጠውን ሥቃይ አንዳንድ ጓደኛ በነፃ በተፈጥሮው ይዞት ሲመጣ "አስመሳይ" ማለት ምን ይሉታል?

"ይለመዳል" የሚለውንም እንመልከት። አንዳንዱ በርግጥ ይለምዳል፤ ማጋሉ ይቀንስለታል። መርዙ ግን አይቀንስም። ኢንዛይሙ ደካማ የሆነበት ሰው እየታገለ ቢጠጣ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል ተረጋግጧል። አለርጂው ደግሞ ጭራሽ ተለማመድ የሚባል አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ ሽፍታ ብቻ የነበረው በሚቀጥለው ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። መጻሕፍቱ "ፊቱ ይቀላል" ይላሉ። የእኛ ቆዳ ጠይም ነውና መቅላቱ በደንብ አይታይም። "አልቀላም፣ ምንም አልሆነም" ብሎ የሚፈርድ ተመልካች ስለዚህ ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት ግለቱ፣ ማሳከኩ፣ የልብ ምቱ፣ የከንፈርና የዓይን ማበጥ ነው። ይህ በትምህርት ላይ ቢነገር መልካም ይመስለናል።

በወላይታ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚሲዮናውያን ሶዶ ከገቡ ወዲህ ወንጌላውያን በዝተዋል፤ አማኙም አይጠጣም። ስለዚህ "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ያለ ሰው ወዲያው ይከበርለታል፣ ሻይ ይቀርብለታል። "ሰውነቴ አይፈቅድም" ያለው ግን "ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" ተብሎ ይመረመራል። አይደለሁም ካለ ብርጭቆው ይቀዳለታል። ለእምነት የተሰጠው ክብር ለጤናም ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

ይህ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። ነገ በየገጠሩ ቀበሌ እንመደባለን። በጊፋታ ወይም በመስቀል የተማሪ አባት ቤት እንጠራለን፤ ሽማግሌው በእጃቸው ቀድተው "እንካ ልጄ" ይላሉ። እምቢ ቢባሉ "ቤቴን ናቀ" ሊሉ ነው። መምህሩ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "አባባ፣ አልናቅኩም፣ ሲጠጣ የሚያመኝ ነው፤ ውሃ ይስጡኝና ይመርቁኝ" ቢል እንደሚረዱት እናምናለን። ግን ይህን ለመናገር እዚህ ተቋም ውስጥ ሳይሳቅበት የተለማመደ መሆን አለበት። እዚህ ያፈረ እዚያ አይደፍርም።

ሕጉንም ለማስታወስ ያህል፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ገና ነን። ይህን ስንል በረንዳው ላይ ሳቅ እንደሚሰማ እናውቃለን፤ ይሁን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጪው የስንብት ምሽት የመዝናኛ ኮሚቴው ብርዝና ሻይ ከሌላው ጋር እኩል በፊት ገበታ ላይ ያስቀምጥ፤ ጥግ ላይ አይወሽቀው። ቀሪቦ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ቀሪቦ ግን ከገብስ ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም። ብርጭቆውን የመለሰ ሰው ምክንያት አይጠየቅ። አንድ ሰው ቀምሶ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሽፍታ ከወጣበት ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወተት አጠጡት፣ አስመልሱት እያሉ ጊዜ አይጥፋ። ትንፋሽ ያጠረው ተደግፎ ይቀመጥ፤ ራሱን የሳተ በጎኑ ይተኛ፤ ወዲያው ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የዱቦው ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። የሚሸኙት ሁለት ሰዎች ያልጠጡ ይሁኑ። ስማቸውን ኮሚቴው ከምሽቱ በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ እኛ አራት ሰዎች ከአሁኑ ተመዝግበናል።