ዛጎሉ ባሕር ዳር ስንት ያወጣል?

ዛጎልን ታውቁታላችሁ። በአገልግል ላይ፣ በአንቀልባ ላይ ተሰፍቶ አይታችኋል። ጌጥ ነው ትላላችሁ። ከባሕር ለራቀ ደገኛ ግን ዛጎል ሀብትም ነበር።

ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ፓፑዋ ኒው ጊኒ የምትባል አገር አለች። የደጋዋ ሰዎች ስኳር ድንች የሚተክሉ፣ አሳማ የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። ባሕር አይተው የማያውቁት አያቶቻቸው ኪና የተባለውን የሚያብረቀርቅ ትልቅ ዛጎል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆርጠው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ዛጎሉ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከመንደር መንደር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተለወጠ ነበር ተራራ የሚወጣው። ስለዚህ ብርቅ ነበር። ጥሎሽ ይሰጥበት፣ የደም ካሣ ይከፈልበት ነበር። በሐገን ተራራ አካባቢ «ሞካ» በሚባለው የስጦታ ልውውጥ ስም የሚያስጠራው ማከማቸት ሳይሆን ከተቀበሉት አብልጦ መመለስ ነበር። ለጋሹም ለሰጠው ለየስምንቱ ወይም ለየአሥሩ ዛጎል አንድ የቀርከሃ ስንጥር አንገቱ ላይ ይጨምር ነበር። ፊደል ባይኖራቸውም መዝገብ ነበራቸው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ወርቅ ፈላጊዎቹ የሌሂ ወንድማማቾች ሐገን ደረሱ። ሕዝቡ ዛጎል እንደሚወድ ሲያዩ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አስመጡ። ለእነሱ ርካሽ ነው። ደገኛው ግን አሳማውንና ጉልበቱን ሰጠበት፤ ወርቅ ሲቆፍር ዋለበት። ዛጎሉ ሲበዛ ዋጋው ወደቀ፤ ውሎ አድሮም ቦታውን ገንዘብ ያዘው።

ታዲያ አንዳንዱ «ወርቅ በዛጎል የለወጡ ሞኞች» ይላል። እኔ አልስማማም። የእኛስ አሞሌ? ጨው ከሚወጣበት ከአፋር ቆላ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር አልነበረም እንዴ? ብርቅ የሆነ ነገር ይወደዳል፤ ይህ ሞኝነት አይደለም። ደገኞቹን የጎዳቸው ሌላ ነው። ነጋዴው ሁለቱንም ገበያ ያውቃል፤ እነሱ የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው።

ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። እህላችሁን ለመሸጥ ስትወጡ፣ «ይህ ሰው ከዚህ ወስዶ የት ይሸጠዋል? በስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሚዛኑን ራሳችሁ አንብቡ። ሂሳቡን ራሳችሁ ጻፉ። ያነበባችሁትንም ላላነበበው ጎረቤት ንገሩ።

ጌጡን ግን አትናቁ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1975 የገንዘቧን ስም ኪና ብላዋለች። ያያቶቿን ዛጎል አላፈረችበትም።