ተነሺው የት አለ?

የፎቶ ዐውደ ርእይ በተከፈተ ሰሞን አንሺው ከታዳሚ ጋር እንዲወያይ መድረክ ይዘጋጅለታል። አወያዩ «ጉዞህ እንዴት ጀመረ?» ይላል። መልሱን ከመስማታችን በፊት እናውቀዋለን። ከአባት ወይም ከአጎት የተወረሰች አሮጌ ካሜራ ትኖራለች። ተጀምሮ የተተወ የምህንድስና ትምህርት ይኖራል። ቤተሰብ «ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» ብሎ ተቆጥቷል። ቀጥሎ ስለ ብርሃን ብዙ ይወራል። መዝጊያው ላይ ዓላማው ይነገራል፦ «ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ምስል መቀየር እፈልጋለሁ።» ጭብጨባ ይከተላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ከተናጋሪው ጀርባ ምስሎች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ እንስራ ያዘለች ልጃገረድ፣ ጅራፍ የያዘ እረኛ። «እኚህ አባት ማን ይባላሉ? ይህን ፎቶ አይተውታል?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ቢገኝ እንኳ ጥያቄው ከጥበቡ የራቀ ተደርጎ ይታለፋል። ለእኔ ከዚህ የቀረበ ጥያቄ የለም። ሠዓሊ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፈጥሮ ሸራ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ደራሲም እንዲሁ። ሰውን የሚያነሳ ካሜራ ግን ፊቱን የሚያበድረው ሰው ያስፈልገዋል። አበዳሪው ሳይነሳ የተበዳሪው ስሜት ብቻ የሚተረክበት ውይይት ዕዳን መሸፈኛ ነው።

ዕዳው የሚገባው እንዴት እንደሆነ ለማየት አማኑኤል ትበቃለች። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳ ፎቶ አንሺ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ ጥቂት እልፍ ሲል አማኑኤል ናት። ክረምቱ ሲወጣ ማሳው ኑግና አደይ ይሆናል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ በምሥራቅ በኩል የጮቄ ከፍታ ይታያል። ካሜራ የያዘ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አይችልም፤ መኪናውን ጥግ ያስይዛል። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ሲያልፉ «እማማ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ ቀና ይበሉ» ይላል። እማማ ቀና ይላሉ። እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አይገፋም። ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ተብሎ መኪናው ይነሳል። ከወራት በኋላ ያ ፊት አንድ ሜትር ሆኖ ታትሞ፣ ስለ ደጋው ዝምታ ወይም ስለ ጎጃም ነፍስ በሚያወራ ርእስ ሥር ይሰቀላል። ከሥሩ የአንሺው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ዋጋው ይጻፋል። የእማማ ስም አይጻፍም፤ ስላልተጠየቀ አይታወቅም። እማማም ፎቶው የት እንደደረሰ አያውቁም።

«ምስል መቀየር» የሚባለው ዓላማ ይህን ነገር ጭራሽ የተከበረ አስመስሎታል። ዓላማው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም በቢቢሲ ከወጣ ወዲህ ኢትዮጵያ ማለት ለብዙ የውጭ ሰው የከሳ ሕፃን ማለት ሆነች። ይህ ያላንገበገበው የአገሬ አንሺ የለም፤ ቁጣቸው ቁጣዬ ነው። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ፎቶዎች ሊያስቆጣን የሚገባው የሰዎቹ መክሳት አይደለም፤ ረሃቡ እውነት ነበር። የሚያስቆጣው ያ ሁሉ ፊት ስም ሳይኖረው ዓለምን መዞሩ ነው። ከእነዚያ ሕፃናት ዓለም በስሟ የሚያውቃት ብርሃን ወልዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ፊቷ የታየው ይህች የትግራይ ልጅ ስሟ የታወቀው ካናዳዊው ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ተመልሶ ስላፈላለጋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ራሷ ቆማ ታየች። አሁን የከሳውን ሕፃን በሚስቅ ሕፃን ስንተካ፣ ስሙን ካልጠየቅነውና ፎቶውን ካልሰጠነው መልኩ ይለወጣል እንጂ ውሉ ያው ነው።

ይህ ውል ዕድሜው ረጅም ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መቅደላ ሲዘምት ካሜራ የያዙ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ወላጆቹን ያጣው የሰባት ዓመቱ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት እንግሊዝ ተወስዶ፣ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው። ፎቶው ዛሬም ይደነቃል፤ ልጁ ግን ልነሳ አላለም። ቀጥሎ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ተሻግሮ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። እዚህ ላይ አዛዡ ተነሺው ነው፤ ችግሩ ተነሺው ንጉሥ መሆኑ ነው።

ተራው ሰው በራሱ ምስል ላይ ያዘዘው ፎቶ ቤት ሲከፈት ነው። እንደ አማኑኤል ባሉ ከተሞች ፎቶ ቤት ማለት መጋረጃ፣ መስታወት፣ ማበጠሪያ፣ የሚዋስ ኮትና ክራባት፣ ከበስተኋላ ደግሞ ሐይቅ ወይም የአበባ አትክልት የተሳለበት ሸራ ነው። ገበሬው ልጁን ይዞ ገብቶ «ጉርድ ነው ሙሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። እንዴት እንደሚቆም፣ ማን ከጎኑ እንደሚቀመጥ፣ ሬዲዮኑን ይያዝ አይያዝ የሚወስነው እሱ ነው። ቀብድ ከፍሎ ሄዶ በቀጠሮው ቀን ይመለሳል፤ «አልወጣሁም» ካለ ክርክር ይነሳል። ፎቶው እጁ ሲገባ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብሎ ያስጽፍና ጦር ሜዳ ላለ ወንድሙ ወይም አዲስ አበባ ለገባች እህቱ ይልካል፤ የተረፈው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ገንዘቡ ከተነሺው ወደ አንሺው፣ ምስሉ ከአንሺው ወደ ተነሺው ይሄዳል። ከመቅደላ ዘመቻ የመጣውን ልማድ የሰበረው ይህ ባለ ሸራ ሱቅ ነው። ዛሬ ግን የፎቶ ቤት ባለሙያ «ጉዞህ እንዴት ጀመረ?» ተብሎ መድረክ ላይ አይጠራም። እሱ «ነጋዴ» ይባላል። «አርቲስት» የሚባለው ሳይከፍልና ሳይሰጥ አንስቶ የሄደው ነው።

በዘመናችን የፎቶ ጥበባችን ያገኘውን ክብር አላናንቅም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር የአፍሪካ አንሺዎች አዲስ አበባ ላይ የሚገናኙበት መድረክ ፈጥራለች። የእሷ ሥራ ለክርክሬ ያግዘኛል እንጂ አይቃወመኝም። በ2018 እ.ኤ.አ. ለዋተርኤይድ በዳሎል የሠራችውን የውኃ ተከታታይ ሥራ ተመልከቱ፤ ሰውነታቸው በቀለም ተሸፍኖ፣ ልብሳቸው ተመርጦ የቆሙት ሴቶች ምስል እየተሠራ መሆኑን ያውቃሉ። ማንም ሳያውቅ የተያዘ የለም። ግርማ በርታ በበኩሉ በስልክ ካሜራ የአዲስ አበባን መንገደኞች አንስቶ፣ ከአካባቢያቸው ነጥሎ ወጥ በሆነ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀመጠበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አስገኝቶለታል። ያምራል። በምስሉ ውስጥ ከሰውየው ጋር የቀረው ግን ጥላው ብቻ ነው፤ ሰፈሩም መንገዱም ተነስቷል። ስለ ቀለሙ ይህን ያህል ስናወራ ስለ ሰውየው ቃል የማይወጣን ለምንድን ነው? ጥያቄው ወደ ግርማ ከመሄዱ በፊት ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹና ወደ ሐያሲዎቹ መምጣት አለበት። እኛ ያልጠየቅነውን አንሺው ካልተናገረ አይፈረድበትም።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ ነው ለሚሉ ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ባለምስሉ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የታወቀ ሰው፣ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው፣ ሕዝብን የሚመለከት ድርጊት፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም። አንቀጽ 29 ደግሞ ባለምስሉ ዕይታውንና ሽያጩን ማስቆም፣ ካሳም መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ፎቶ አንሺው ሙሉጌታ አየነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በወደቀበት ቦታ ሐዘንተኞችን ሲያነሳ ድርጊቱ የሕዝብ ነው፤ 157 ሰው ያለቀበት አደጋ ነው፤ አንቀጽ 28 ለእንዲህ ያለው ሥራ በቂ ቦታ ይሰጣል። አማኑኤል ላይ ከገበያ የሚመለሱ እናት ግን ዜና አይደሉም። «ባህል ነው» ብሎ በልዩ ሁኔታው ለመከለል የሚሞክር አንሺ፣ የሰው ፊት ባህል የሚሆነው ገጠር ውስጥ ብቻ የሆነበትን ምክንያት ያስረዳ። ቦሌ ካፌ የተቀመጠን ሰው እንዲህ አንስቶ ለመሸጥ የሚደፍር ስንት ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

«ፈቃድ ከጠየቅሁ ቅጽበቱ ይሞታል» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የጠነከረ ይመስላል። ሕጉን አስተውሎ ላነበበው ግን መከራከሪያው ቦታውን ስቷል። አንቀጽ 27 የሚናገረው ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው። ፎቶ በተነሳበትና በተሰቀለበት ቀን መካከል ወራት አሉ። ቅጽበቱን ያዝ፤ ከዚያ ካሜራህን ዝቅ አድርገህ ስም ጠይቅ። «ማድረሻ የለኝም» ለሚለውም መልስ አለ። እማማ ቴሌግራም ባይኖራቸው የልጃቸው ልጅ አለው። ካልሆነም አማኑኤል ላይ ፎቶ ቤት አለ፤ ፖስታ ውስጥ ከትተህ ብትልከው በገበያ ቀን ባለቤቱ ይገኛል። «ማሳተም ውድ ነው» የሚል ሰው አንድ ሜትር ምስል አሳትሞ፣ ክፈፍ አስገብቶ፣ የመክፈቻ ምሽት ደግሶ ሲያበቃ የአንድ ፖስት ካርድ ዋጋ ሲከብደው ማየት ያሳፍራል። ስም መጥቀስ የሚጎዳቸው ተነሺዎች መኖራቸው እውነት ነው። ሰውየው «ስሜ ይቅር» ካለ ይቅር፤ ያ የእሱ ውሳኔ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ስም ግን ማንንም አልጠበቀም።

ወጣቶች የቀደሙትን ጉዞ መስማት እንደሚጠቅማቸውም አውቃለሁ። ፎቶን በትምህርት ቤት ወግ የሚማሩበት ዕድል ጠባብ በሆነበት አገር መድረክ ትምህርት ቤት ይሆናል። ታዲያ የሚያስተምረው ጉዞ የትኛው ነው? ሚካኤል ጸጋዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ ወደ ካሜራ የዞረው የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ነው። ሰማያዊ ጥሪ የለበትም፤ ሰውነቱ ሙያውን እምቢ አለው፣ እሱም ሌላ ሙያ ያዘ። ሽመልስ ደስታ በኃይለ ሥላሴና በደርግ ዘመን በደመወዝ የሚሠራ የቤተ መንግሥት አንሺ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራዎቹ ለንደን ላይ ለዕይታ የበቁት ኔጋቲቮቹን ጠብቆ ስላቆየ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ ወጣቱ እንጀራን፣ ሥራ መቀየርን፣ ኔጋቲቭ ማስቀመጥን ይማራል። «ብርሃኑ ጠራኝ» ከሚለው ግን ምንም አይማርም።

ኔጋቲቭ ካነሳን አይቀር፣ ሌላው የመድረኮቻችን ጥፋት እዚህ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው የቪንቴጅ አዲስ አበባ ሥራ የከተማዋን ቤተሰቦች የድሮ አልበሞች ሰብስቦ አሳይቶናል። ሰዎቹ በፎቶ ቤት ኮታቸው፣ በሰርጋቸው፣ በምረቃቸው ቀን ራሳቸው በፈለጉት መልክ ቆመው ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ምስል መቀየር ለሚያወራ ሁሉ መልሱ ተሰጥቷል፤ ምስሉ ቀድሞም በየቤቱ ነበር። ያ ሥራ ግን የአዲስ አበባ ነው። በአማኑኤል፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ የተዘጉ ፎቶ ቤቶች ካርቶን ውስጥ ያለው ኔጋቲቭ እርጥበትና አይጥ እየበላው ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር ይጣላል። ለዐውደ ርእይ ወደ ጎጃም የሚወርድ አንሺ የአንድ ቀን ጉዞውን ለእነዚህ ካርቶኖች ቢሰጥ፣ ከመንገድ ዳር ከሚያነሳው መቶ ፊት የበለጠ ስለ ደጋው ይነግረናል።

ስለዚህ የዐውደ ርእይ አዘጋጆች መግለጫው ላይ ከአንሺው ስም እኩል የተነሺውን ስምና አገር ይጻፉ፤ ስሙ ካልተጻፈም ምክንያቱን ይንገሩን። ስለ አማኑኤል የተሠራ ሥራ አዲስ አበባ ከመከፈቱ በፊት አማኑኤል ላይ በገበያ ቀን ይታይ፤ አዳራሽ ከሌለ ግድግዳና ገመድ ይበቃል፤ «አልወጣሁም» የሚል ሰው ካለም እዚያው ይሰማ። አወያዮች የመጀመሪያውን ጥያቄ ይቀይሩ፤ «ጉዞህ እንዴት ጀመረ?» ከማለት በፊት «እኚህ እናት ማን ናቸው? ፎቶው ደርሷቸዋል?» ይበሉ። ይህን መመለስ ያልቻለ አንሺ ምስሉን ከግድግዳው ያውርድና መልሱን ይዞ ይምጣ።