ሠርጉ በዲቪዲ ለምን አልታይ አለ?

የልጃችንን ሠርግ በሞባይል ቀረጽን። እማማ እግራቸውን ስለሚያማቸው ሠርጉ ላይ አልነበሩም። ለእሳቸው እንዲሆን ከተማ ሄደን በዲቪዲ አስገለበጥን። እቤት አምጥተን ማጫወቻው ውስጥ ብንከተው እምቢ አለ። እማማ አዘኑ። እኛም አፈርን።

ዲቪዲው ተሰብሮ ነው? አይደለም። ስሕተቱ ከአገለባበጡ ነው። ሞባይል ቪዲዮ የሚጽፍበት መንገድ አንድ ነው፤ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚያነበው ሌላ ነው። ማጫወቻው የሚያነበው ኤምፔግ 2 ይባላል። ፊደሉን ያልተማረ ሰው ጽሑፉን አያነብም። ማጫወቻም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው መጀመሪያ ይለወጣል፤ ከዚያ ይገለበጣል።

ተመልሰን ሄድንና እንዲህ አስደረግን፦

1. ቪዲዮው እንዳለ አይገልበጥ። «ዲቪዲ ቪዲዮ» ሆኖ ይሠራ።

2. ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። ጥራቱ ሳይጎዳ ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ ከበለጠ በሁለት ዲቪዲ ይሁን።

3. አገለባበጡ በዝግታ ይሁን። ኮምፒውተሩ ሲጣደፍ ሊሳሳት ይችላል።

4. መጨረሻ ላይ ዲቪዲው ይዘጋ። ካልተዘጋ ሌላ ማጫወቻ ላያነበው ይችላል።

5. ዲቪዲው እዚያው በማጫወቻ ይታይ። መጀመሪያውም፣ መሐሉም፣ መጨረሻውም ይታይ።

በመጀመሪያው ቀን ገልባጩ «ከሞባይሉ ላይ ላጥፋው?» ብሎን ነበር። እሺ ልንል ምንም አልቀረንም። ብለን ቢሆን ኖሮ ሠርጉ ጠፍቶ ሊቀር ይችል ነበር።

አሁን እማማ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አዩ። እልልም አሉ።

እንግዲህ እናስተውል። አዲሱን አይተን ሳናረጋግጥ የፊተኛውን አናጥፋ።